የድሮ የጠረጴዛ ሬዲዮ ማዞሪያዎችንና ቁልፎችን የመለየት ዝርዝር መመሪያ

የድሮ የጠረጴዛ ሬዲዮ እጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ስፒናውን ይሰካል፣ ከዚያ ያገኘውን ማዞሪያ ሁሉ ያዞራል፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫናል፣ ድምፅ ሲያጣ ደግሞ ሬዲዮው ሞቷል ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ከተፈረደባቸው ሬዲዮዎች መካከል ጤነኞች አሉ፤ ዝም ያሉት የተጫነው ቁልፍ የሸክላ ማጫወቻው ወይም ጣቢያ የማይገኝበት የረጅም ሞገድ ቁልፍ ስለሆነ ብቻ ነው። ጤነኛ ሆነው ሳለ የቮልት መምረጫቸው 125 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ተለቆባቸው የሚቃጠሉም አሉ።

ስለዚህ እዚህ የሚከተሉት ሥርዓት ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ ምን እንደሚሠራ ኤሌክትሪክ ሳይገባ በዓይንና በእጅ ተለይቶ በወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ኤሌክትሪክ የሚገባው የተለየውን ለማረጋገጥ ብቻ ነው።

መመሪያው በዋናነት የሚመለከተው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ ውስጥ የተሠሩትን፣ እንደ ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከንና ኖርድመንዴ ያሉትን ባለ ቫልቭ (እንደ አምፖል የሚሞቁ የመስተዋት ቱቦዎች ያሏቸው) ሬዲዮዎች ነው። በቁልፎቹ ላይ የታተሙትን የላቲን ፊደላት በእንግሊዝኛ አጠራራቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት

የእጅ ባትሪ፣ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ እንዲሁም ምልክት የሚጽፉበት የወረቀት ፕላስተር ያዘጋጁ። ሬዲዮውን ከፊትና ከኋላ በብርሃን ፎቶ ያንሱት። ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት እያንዳንዱ ማዞሪያ በምን አቅጣጫ እንደቆመና የትኛው ቁልፍ ገብቶ እንደቀረ በፎቶው ላይ መታየት አለበት፤ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሬዲዮውን በምን ሁኔታ እንደተወው የሚነግርዎ ይህ ብቻ ነው።

የጣቢያ ሰሌዳውን መስተዋት በውኃም፣ በአልኮልም፣ በሳሙናም አይጥረጉ። ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ የታተመው በመስተዋቱ የውስጥ ገጽ ላይ ሲሆን ከዕድሜ ብዛት ቀለሙ መስተዋቱን ለቅቆ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲያልፍበት የሞገዱ ቁጥር ሁሉ ተጠርጎ ይወጣል። የውጪውን ገጽ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፣ የውስጡን ግን በብሩሽ እንኳ አይንኩት።

ደረጃ 1፦ ሬዲዮው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የሚያጠፋው ሬዲዮውን ብቻ ላይሆን ይችላል።

1. ስፒናው ከሶኬት መነቀሉን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

2. የጀርባ ክዳኑን ብሎኖች ፈትተው ክዳኑን ቀስ ብለው ያላቁ። በድንገት አይጎትቱት፤ የአንቴና ሽቦዎች በክዳኑ ላይ ተጣብቀው ሊሆኑ ይችላሉ። ሬዲዮው በቅርቡ በርቶ ከነበረ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልት ስለሚቆይ እጅዎን ወደ ውስጥ አያስገቡ፤ በባትሪ ብቻ ይመልከቱ።

3. በክዳኑ ወይም በሻንሲው (የውስጥ ዕቃዎቹ በተገጠሙበት ብረት) ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከቮልት ቁጥሩ አጠገብ የሞገድ ቅርጽ ያለው ጭረት ብቻ ካለ ሬዲዮው በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ብቻ ይሠራል፤ የሞገድ ቅርጹና ቀጥ ያሉ ጭረቶች አብረው ካሉ በሁለቱም የኤሌክትሪክ ዓይነቶች (በተለዋዋጭም በቀጥተኛም) የሚሠራ ነው።

4. የቫልቮቹን ስም ይመልከቱ። በአውሮፓ አሰያየም የአብዛኞቹ ስም በ«ኢ» ፊደል የሚጀምር ከሆነ ሬዲዮው ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመር አለው። በ«ዩ» የሚጀምር ከሆነ የቫልቮቹ የማሞቂያ ክሮች ተከታትለው የተያያዙና ከቤት ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚመገቡ ናቸው።

በሁለቱም የኤሌክትሪክ ዓይነቶች የሚሠራ ሬዲዮ ሻንሲው ከስፒናው አንድ እግር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ሊሆን ይችላል። ስፒናው በአንደኛው ፊት ሲሰካ ሻንሲው ምንም ላይሆን፣ ተገልብጦ ሲሰካ ግን መላው ብረት 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። ማዞሪያውን ዘንጉ ላይ አጥብቃ የምትይዘው ትንሿ ብሎን ከዚህ ብረት ጋር ትነካካለች፤ ፋብሪካዎች የብሎኗን ቀዳዳ በሰም የሚደፍኑት ጣት እንዳይደርስባት ነበር። ሰሙ ወድቆ ከሆነ ወይም ማዞሪያው ወልቆ ባዶ ዘንግ ከቀረ ሬዲዮው እስኪሟላ ድረስ ስፒናውን አይስኩ።

ትራንስፎርመር ማየት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ትራንስፎርመር እያላቸው ሻንሲያቸው ከኤሌክትሪኩ ጋር የተያያዘ ሬዲዮዎችም አሉ። ፍርዱን ለቴስተር ይተዉት። ስፒናው ተነቅሎ ሳለ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው በእያንዳንዱ የስፒና እግርና በሻንሲው መካከል ይለኩ። ከሁለቱ አንዱ ወደ ዜሮ የቀረበ ወይም ጥቂት መቶ ኦም የሚያሳይ ከሆነ ሻንሲውን እንደ ባዶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይቁጠሩት። ልኬቱን ማብሪያውን ካገኙ በኋላ፣ ማብሪያው በርቶ ግን ስፒናው ተነቅሎ እንዳለ መድገም ግዴታ ነው፤ ማብሪያው ጠፍቶ ከሆነ የመጀመሪያው ልኬት ግንኙነቱን ሊደብቅ ይችላል።

ከአሜሪካ የመጣ ሬዲዮ ከሆነ

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት፣ ወደ አገር ቤትም የሚልኩት፣ አምስት ቫልቭ ያለው ትንሹ የጠረጴዛ ሬዲዮ ነው። የአምስቱ ቫልቮች ክሮች ተደምረው ወደ 120 ቮልት ገደማ እንዲሆኑ ስለተመረጡ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ የቮልት መምረጫም የለውም። 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ወዲያው ይበላሻል። ብዙውን ጊዜ ያለው ሁለት ማዞሪያ ብቻ ነው፤ አንዱ ማብሪያና ድምፅ፣ ሌላው ጣቢያ መፈለጊያ። በሰሌዳው ላይ 55፣ 60፣ 70 እያለ እስከ 160 የሚሄደው ቁጥር የመጨረሻ ዜሮው ተትቶ የተጻፈ ስለሆነ 550፣ 600፣ 700 እስከ 1600 ኪሎኸርዝ ብለው ያንብቡት። 640 እና 1240 ላይ የሚታዩት ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአደጋ ጊዜ ስርጭት ምልክቶች ናቸው፤ የሚያስተካክሉት ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ የጀርባውን መቆጣጠሪያዎች ያንብቡ

የቮልት መምረጫው የመጀመሪያ ሥራዎ ነው። በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ክብ ሰሌዳ፣ ወይም ተነቅላ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ የምትሰካ ቁራጭ ልትሆን ትችላለች፤ በአንዳንዶቹ ትራንስፎርመሩ አናት ላይ ስለምትገኝ ከክዳኑ ኋላ ካላዩ አትገኝም። ቁጥሮቹ 110፣ 125፣ 150፣ 220፣ 240 ወይም ለእነዚህ የቀረቡ ናቸው። ለኢትዮጵያ 220 ላይ ያድርጉ፤ 240 ካለ ደግሞ 240ን ይምረጡ፣ የቤት ኤሌክትሪክ ከፍ ባለ ጊዜ ለአሮጌው ዕቃ ፋታ ይሰጠዋል። መምረጫዋ በሁለት ቁጥሮች መካከል የቆመች፣ የተቃጠለች ወይም የላላች ከሆነ ሥራውን እዚህ ያቁሙና ለባለሙያ ያሳዩ።

ቀጥሎ መሰኪያዎቹን ይለዩ። ወደ ላይ የተከፈተ ሹካ የመሰለ ምልክት የውጪ አንቴና ነው። ከአንድ ቀጥ ያለ ጭረት ሥር እያጠሩ የሚወርዱ አግድም ጭረቶች የመሬት ሽቦ ምልክት ናቸው። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች ከላያቸው የቲ ፊደል የመሰለ ቅርጽ ካላቸው የኤፍ ኤም አንቴና ናቸው። የመለከት አፍ የመሰለው የውጪ ስፒከር ነው። ክብ ነገር ላይ ያረፈ ክንድ የመሰለው ምልክት ወይም «ቲ ኤ»፣ «ፒ ዩ»፣ «ፎኖ» የሚል ጽሑፍ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው። የስፒከሩና የሸክላው ቀዳዳዎች ስፋት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ በስፋታቸው አይፍረዱ፤ ምልክቱ ጠፍቶ ከሆነ ባዶ ይተዉአቸው።

ሻንሲው ከኤሌክትሪክ ጋር በተያያዘ ሬዲዮ ላይ የመሬት ሽቦ አያስገቡ፤ ስልክ ወይም ሌላ መሣሪያም በሸክላው መግቢያ በኩል አያገናኙ።

ደረጃ 3፦ የፊት ማዞሪያዎችን በእጅ ይለዩ

ስፒናው አሁንም ተነቅሎ ይቆይ። እያንዳንዱን ማዞሪያ በሁለት ጣት ብቻ ይዘው፣ ጉልበት ሳይጨምሩ፣ በዝግታ ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ። ማዞሪያው ከኋላው ሌላ ሰፋ ያለ ቀለበት እንዳለው በመጀመሪያ ይመልከቱ፤ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት መቆጣጠሪያ መደራረብ በጀርመን ሬዲዮዎች የተለመደ ነው፣ ቀለበቱን ያላየ ሰውም ከመቆጣጠሪያዎቹ ግማሹን ሳያገኝ ይቀራል።

1. አንድ ዙር ሳይሞላ በሁለቱም ዳር የሚቆም፣ ለስላሳና የሰሌዳውን ጠቋሚ የማያንቀሳቅስ ማዞሪያ የድምፅ መጠን ወይም የድምፅ ቃና ነው። ወደ ግራ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚቆም ከሆነ ማብሪያና ማጥፊያው በውስጡ አለ። ያ አብዛኛውን ጊዜ የድምፅ መጠን ነው፤ ማብሪያው የቃና ማዞሪያው ላይ የተደረገባቸው ሬዲዮዎች ስላሉ ግን በወረቀትዎ ላይ «ማብሪያ» ብቻ ብለው ይጻፉ።

2. ብዙ ዙር የሚዞር፣ ጠቋሚውን የሚያስኬድ፣ ሲለቁትም በራሱ ክብደት ትንሽ ሊቀጥል የሚፈልግ ከሆነ ጣቢያ መፈለጊያው ነው።

3. በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት ቦታ ጠንከር ብሎ እየነከሰ የሚቆም ከሆነ የሞገድ መምረጫ ነው። ከእያንዳንዱ ቦታ ጋር በሰሌዳው ላይ የሚቀያየር ጽሑፍ ወይም ምልክት ካለ ይመዝግቡ።

4. ሲዞር በሰሌዳው ላይ ትንሽ መስኮት ውስጥ ቀለም ያለው ምልክት የሚያንቀሳቅስ ከሆነ የወፍራም ወይም የቀጭን ድምፅ መቆጣጠሪያ ነው።

5. ቀለበቱ ሲዞር ከኋላ ጥቁር ዘንግ የመሰለ በትር አብሮ የሚዞር ከሆነ የውስጥ አንቴናውን አቅጣጫ ይቆጣጠራል። ይህን ለማየት አንድ ሰው ከፊት ሲያዞር ሌላው ከኋላ በባትሪ ይመልከት። የሚያገለግለው ለመካከለኛና ለረጅም ሞገድ ነው፤ ለኤፍ ኤም የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ጣቢያ መፈለጊያው እየዞረ ጠቋሚው ካልተንቀሳቀሰ ተበጥሷል ብለው አይቸኩሉ። አንዳንድ ሬዲዮዎች ለኤፍ ኤም አንድ፣ ለሌሎቹ ሞገዶች ሌላ ጠቋሚ አላቸው፤ አንዱ ማዞሪያ የትኛውን እንደሚይዝ የሚወስነው የገባው ቁልፍ ነው። ሌላ የሞገድ ቁልፍ ተጭነው እንደገና ይሞክሩ። በሁለቱም ካልሄደ የጠቋሚው ክር ላልቷል ወይም ተበጥሷል፤ ማዞሩን ወዲያው ያቁሙ፣ አለበለዚያ ክሩ ከመንኮራኩሩ ሥር ገብቶ ይጠላለፋል።

ደረጃ 4፦ ቁልፎቹን ይለዩ

ከፊት የተደረደሩት ነጭ ቁልፎች ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣባቸው ናቸው፤ እነዚህ ሞገድ ይመርጣሉ። ሌሎቹ ለየብቻ የሚገቡና የሚወጡ ወይም የራሳቸው ቡድን ያላቸው ሲሆኑ የድምፁን ቃና ይለውጣሉ። ለመለየት አንዱን ቁልፍ እስኪይዝ ድረስ ይጫኑ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ተጭነው የመጀመሪያው መውጣቱን ይመልከቱ። ሁለት የሞገድ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ አይጫኑ፤ የያዘ ቁልፍንም በካቻቢቴ አይፈንቅሉ።

ፊደላቱ እንደ ፋብሪካው አገር ይለያያሉ።

በጀርመን ሬዲዮ «ኤል» ረጅም ሞገድ፣ «ኤም» መካከለኛ ሞገድ፣ «ኬ» አጭር ሞገድ፣ «ዩ» ወይም «ዩ ኬ ደብሊው» ኤፍ ኤም፣ «ቲ ኤ» ሸክላ ማጫወቻ ናቸው። በእንግሊዝኛ «ኤል ደብሊው»፣ «ኤም ደብሊው» እና «ኤስ ደብሊው» በቅደም ተከተል ረጅም፣ መካከለኛና አጭር ናቸው፤ በአንዳንድ ሬዲዮዎች «ቢ ሲ» የሚለውም መካከለኛ ሞገድ ነው። በጣሊያን ሬዲዮ «ኦ ኤል» ረጅም፣ «ኦ ኤም» መካከለኛ፣ «ኦ ሲ» አጭር ነው። በፈረንሳይኛ «ጂ ኦ» ረጅም፣ «ኦ ሲ» አጭር ሲሆን «ፒ ኦ» ግን መካከለኛ ሞገድ ነው፤ ቃል በቃል ትንሽ ሞገድ ስለሚል አጭር ሞገድ እየመሰላቸው የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው።

በዳር ያለው «አውስ» የሚል የጀርመን ቁልፍ ማጥፊያ ነው። እሱ ሲጫን ሌሎቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ ማንኛውም የሞገድ ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ሬዲዮው ይበራል። ይህ ማለት እንዲህ ባለ ሬዲዮ ላይ አንድ የሞገድ ቁልፍ ገብቶ ከቀረ ስፒናው በተሰካበት ቅጽበት ኤሌክትሪክ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ሙከራዎን ሲጨርሱ ማጥፊያውን ተጭነው ይተዉት።

«ባስ»፣ «ጃዝ»፣ «ሶሎ»፣ «ኦርኬስትራ»፣ «ሽፕራኸ» የሚሉት የቃና ቁልፎች ናቸው። የመጨረሻው ለንግግር የተሠራ ሲሆን ወፍራሙን ድምፅ ስለሚቆርጥ ገብቶ ከቀረ ሬዲዮው የተበላሸ ያህል ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ለሙከራ ሁሉንም የቃና ቁልፎች ያውጡ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ የማይወጡበት ሬዲዮ ከሆነ ኦርኬስትራውን ይምረጡ።

ደረጃ 5፦ ሰሌዳውን ያንብቡ

ቁጥሮቹ በሜትር፣ በኪሎኸርዝ ወይም በሜጋኸርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ሜትርን ወደ ኪሎኸርዝ ለመቀየር 300,000ን በሜትሩ ያካፍሉ። ለምሳሌ 300 ሜትር ላይ ያለው ጣቢያ 1,000 ኪሎኸርዝ ነው፤ በ873 ኪሎኸርዝ የሚያስተላልፍን ጣቢያ ደግሞ 344 ሜትር ገደማ ላይ ይፈልጉታል። ከ190 እስከ 570 አካባቢ የሚሄዱ ቁጥሮች መካከለኛ ሞገድን በሜትር፣ ከ520 እስከ 1600 አካባቢ የሚሄዱት ያንኑ ሞገድ በኪሎኸርዝ ያሳያሉ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ስለሚቀንስ አቅጣጫቸው የተገላበጠ ነው። 49፣ 41፣ 31፣ 25 እና 19 የሚሉት ቁጥሮች የአጭር ሞገድ መደቦች በሜትር ናቸው። ሒልቨርሱም፣ ሉክሰምበርግ፣ ሮማ የሚሉት የከተማ ስሞች በዚያ ዘመን የነበሩትን የአውሮፓ ጣቢያዎች ስለሚያመለክቱ ለፍለጋዎ አይጠቅሙም።

የኤፍ ኤሙን መጨረሻ ቁጥር በጥንቃቄ ይመልከቱ። ብዙዎቹ የ1950ዎቹ የጀርመን ሬዲዮዎች የሚያበቁት 100 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ተከታዮቻቸው 104 ላይ ነው። ሰሌዳው 100 ላይ የሚያበቃ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን እና ፋና 98.1ን መያዝ ይችላል፤ ሸገር 102.1ን ግን አይደርስበትም፣ ይህም ብልሽት አይደለም።

ደረጃ 6፦ ኤሌክትሪክ አስገብተው ያረጋግጡ

ለዓመታት ያልበራ ሬዲዮ ከሆነ ኮንደንሰሮቹን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን የውስጥ ክፍሎች) ባለሙያ ሳያያቸው ይህን ደረጃ አይጀምሩ። ባለሙያው በተከታታይ የተያያዘ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል ያለው መሞከሪያ ገመድ ካለው በእሱ በኩል ይብራ፤ ኤል ኢ ዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ በሙሉ ድምቀት ከቀጠለ ውስጥ የተገናኘ ነገር ስላለ ወዲያው ይንቀሉ።

1. የጀርባ ክዳኑን መልሰው ይግጠሙ። ክዳኑ ተከፍቶ አያብሩ።

2. የድምፅ መጠን ነው ብለው የጠረጠሩትን ወደ ሩብ ያድርጉ፣ የመካከለኛ ሞገድ ቁልፍን ይጫኑ፣ ስፒናውን ይሰኩ። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሰሌዳው መብራት መብራት አለበት፤ ድምፅ ግን ቫልቮቹ እስኪሞቁ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ምንም አያዙሩ። የተቃጠለ ሽታ ወይም ጭስ ካለ ይንቀሉ።

3. የጩኸት ወይም የፍሽታ ድምፅ ሲሰሙ የድምፅ ማዞሪያውን ጥቂት ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ድምፁ ከተለወጠ ማዞሪያው ተረጋገጠ፤ በወረቀትዎ ላይ ምልክት ያድርጉ።

4. ጣቢያ መፈለጊያውን በዝግታ ያዙሩ። አረንጓዴ የሚያበራ ዓይን ካለ ጣቢያ ሲገኝ ጥላው ይጠባል ወይም ሁለቱ ብርሃኖች ይቀራረባሉ። ይህ ዓይን መቆጣጠሪያ ሳይሆን ማሳያ ነው፤ ቢደበዝዝ ያረጀው እሱ ራሱ እንጂ ሬዲዮው ላይሆን ይችላል።

5. ጣቢያ ከያዙ በኋላ የቃና ማዞሪያዎችንና ቁልፎችን አንድ በአንድ ይሞክሩ። የአንዱን ሳይመዘግቡ ወደ ሌላው አይለፉ።

6. በመጨረሻ የውስጥ አንቴናውን ቀለበት ያዙሩ። በመካከለኛ ሞገድ ላይ ደካማ ጣቢያ ከጠነከረ ወይም ከጠፋ መቆጣጠሪያው ተረጋግጧል።

ሲሳሳት ምን ይደረግ

መብራቱ በርቶ ድምፅ ከሌለ በመጀመሪያ የሸክላ ማጫወቻው ቁልፍ አለመግባቱን ይመልከቱ፤ ቀጥሎ ረጅም ሞገድ ላይ አለመሆንዎን ያረጋግጡ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በረጅም ሞገድ የሚያስተላልፍ ጣቢያ የለምና። ሁለቱም ካልሆኑ በአጭር ሞገድና በኤፍ ኤም ይሞክሩ። በአንዱ ሞገድ የሚሠራ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያው ደህና ስለሆነ ችግሩ በማይሠራው ሞገድ ክፍል ወይም በቁልፉ መነካኪያ ላይ ነው፤ ይህን ለባለሙያው ቢነግሩት ግማሽ ሥራውን ያቀልሉለታል።

በመካከለኛ ሞገድ የሚያንጫርር ድምፅ ብቻ ከሆነ በቤት ውስጥ ያሉ የስልክ ቻርጀሮችንና ኤል ኢ ዲ አምፖሎችን ነቅለው፣ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ እንደገና ይሞክሩ። ሞገዱ ሌሊት ርቆ ስለሚጓዝ ቀን ባዶ የነበረ ሰሌዳ ማታ ጣቢያ ሊሰጥ ይችላል።

ማዞሪያ ሲነካ የሚንጫጫ ከሆነ ስፒናውን ነቅለው ደጋግመው ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት። ካልተሻለው ባለሙያ በኮንታክት ክሊነር ያጽዳው፤ የምግብ ዘይትም ሆነ የማሽን ዘይት አያስገቡበት።

ማዞሪያው ብቻውን እየዞረ ዘንጉ ካልዞረ ትንሿ ብሎን ላልታለች። ስፒናውን ነቅለው ያጥብቁ፤ ቀዳዳዋንም በሰም መልሰው ይድፈኑ።

የሞገድ ቁልፍ ሲጫን ድምፁ የሚቆራረጥ፣ ግማሽ ሲለቀቅ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ የቁልፉ መነካኪያ ቆሽሿል። ስፒናው ተነቅሎ እያለ ያንን ቁልፍና ጎረቤቱን እየለዋወጡ ደጋግመው ይጫኑ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃዋል። ሁሉም ሲለይ በወረቀትዎ ላይ ያለውን ሥዕል አጽድተው ይገልብጡ፣ የቮልት መምረጫው የቆመበትን ቁጥር ይጨምሩበት፣ ከዚያም በጀርባ ክዳኑ የውጪ ገጽ ላይ፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በማይሸፍን ቦታ ይለጥፉት።